ጭቃ ግድግዳ ላይ ሶኬት እንዳይነቀል

ደሴ ላይ ጭቃ ቤት ተከራይቶ የኖረ ሰው ይህን ያውቀዋል። የምድጃውን ፕለግ ለመንቀል ሳብ ያደርጋል። ፕለጉ ብቻውን አይመጣም፤ ሶኬቱም ተከትሎት ይመጣል። ከሶኬቱ ጋር ሁለት ፊሸር (ብሎን የሚገባበት የፕላስቲክ መያዣ)፣ ከፊሸሩ ጋር ቡጢ የሚያክል ጭቃ፣ ከጭቃው ጋር ጭድ። ግድግዳው ላይ የአይጥ ጉድጓድ የመሰለ ቀዳዳ ይቀራል። ከቀዳዳው ሁለት ሽቦ ይንጠለጠላል፤ ሽቦው ደግሞ ኤሌክትሪክ አለው።

እኔ እዚያው ደሴ፣ ሆጤ ሰፈር በተከራየሁት ቤት ሦስት ጊዜ ደርሶብኛል። መጀመሪያ ወፈር ያለ ፊሸር ገዝቼ መለስኩት። ሁለት ወር ቆየ። ቀጥሎ ቀዳዳውን በሲሚንቶ ሞልቼ ሶኬቱን እዚያው ላይ አሰርኩት፤ በሥራዬም ኮራሁ። ክረምቱ ሲወጣ ሲሚንቶው ሶኬቱን እንደያዘ እንደ ድስት ክዳን ተላቆ እጄ ላይ መጣ። አከራዬ በር ላይ ቆመው ያዩኛል። ቤቱ ሲሠራ ጭቃውን በእግራቸው የረገጡት እሳቸው ናቸው።

"ልጄ፣ ጭቃውን ነው እንዴ የምታስረው? እንጨቱን እሰር እንጂ" አሉኝ።

"እማማ፣ እንጨቱ የት እንዳለ በምን አውቃለሁ?"

"አንኳኳዋ!"

ነገሩ በሙሉ ይኸው ነው። ጭቃው ይሞላል፣ ይሸፍናል፣ ብርድ ይከለክላል። የሚሸከመው ግን እንጨቱ ነው። ሶኬትም ሆነ ማብሪያ ማጥፊያ፣ የግድግዳ አምፖልም ሆነ የብሬከር ሳጥን፣ ወይ ዕቃውን እንጨቱ ወዳለበት ትወስዱታላችሁ፣ ወይ እንጨቱን ዕቃው ወዳለበት ታመጣላችሁ።

ግድግዳው ውስጥ ምን አለ?

የድሮው ጭቃ ቤት አሠራር ለብዙዎቻችሁ አዲስ አይደለም፤ ግን ድሪል ከማንሳታችሁ በፊት በዓይነ ሕሊናችሁ ግለጡት። መሬት ውስጥ የተተከሉ ቋሚዎች አሉ፣ አብዛኞቹ ባሕር ዛፍ ናቸው። ቋሚዎቹ ላይ በአግድም ማገር ተመትቷል። ማገሩ ቀጠን ያለ እንጨት ወይም የተፈለጠ ባሕር ዛፍ ነው፤ በሚስማር የተመታ አለ፣ በድሮዎቹ ደግሞ በልጥ የታሰረ። በቋሚውና በማገሩ መካከል በጭድ የተቦካ ጭቃ ተጠቅጥቋል። በላዩ ምርጊት፣ በምርጊቱ ላይ ማለስለሻ አለ። ማለስለሻው እበትና አመድ ሊሆን ይችላል፣ ኖራ ሊሆን ይችላል፣ ጀሶ ሊሆን ይችላል። በኋላ ቤቱን "ዘመናዊ" ለማድረግ የተደረበ የሲሚንቶ ልስንም ሊሆን ይችላል።

ይህ የመጨረሻው ነው ሰው የሚያሳስተው። ከላይ ሲታይ ብሎኬት ቤት ይመስላል። ቀለም ተቀብቷል፣ ሲነኩት ይጠነክራል። ግን ሲሚንቶው ሁለት ወይም ሦስት ሳንቲ ሜትር ቅርፊት ነው። ጭቃ እርጥበት ሲያገኝ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሸበሸባል። ሲሚንቶ እንደሱ አይለጠጥም። ስለዚህ ሁለቱ ከጊዜ በኋላ ይለያያሉ። በጣት አጥንት መታ መታ ስታደርጉት "ዷ" ብሎ ባዶ ድምፅ የሚሰጠው ቦታ ሁሉ ቅርፊቱ ከጭቃው የተላቀቀበት ነው። እዚያ ላይ ምንም አትሰሩ።

ፊሸርስ ለምን አይይዝም? ፊሸር የሚይዘው ብሎኑ ሲገባ ጎኑ ተነፍቶ ዙሪያውን ሲገፋ ነው። ብሎኬትና ኮንክሪት መልሰው ይገፉታል። ጭቃ ግን ሲገፋ ይፈረፈራል። ፊሸሩን ባወፈራችሁት ቁጥር የሚፈርሰው ጭቃ ይበዛል እንጂ ጥንካሬ አይጨምርም። ባለሱቆች "ትልቁን ውሰድ" ሲሏችሁ ለብሎኬት ቤት ከሆነ ልክ ናቸው።

መጀመሪያ መብራቱ

መብራት ሄዷልና አሁን ልሥራ የሚል ሰው በየሰፈሩ አለ። እኔም ነበርኩ። አንድ ቀን ወንበር ላይ ቆሜ ሽቦ እየላጥኩ እያለ የግቢው ልጆች "መጣ! መጣ!" ብለው ጮኹ። የያዝኩት ኑሉን፣ መመለሻውን ሽቦ፣ ስለነበር ተረፍኩ። ጉብዝና አይደለም፣ ዕድል ነው። የሄደ መብራት መቼ እንደሚመለስ አያማክርም። ስለዚህ መብራት ቢኖርም ባይኖርም ብሬከሩን አውርዱ። የድሮ ቤት ከሆነና ያለው ቫልቮላ ብቻ ከሆነ፣ ቫልቮላውን ንቀሉና ኪሳችሁ ውስጥ ክተቱት። ኪሳችሁ ውስጥ ያለውን ቫልቮላ ማንም መልሶ አይሰካውም።

አንድ ቆጣሪ ለአራት ተከራይ በሆነበት ግቢ ደግሞ ጣጣ አለ። የእናንተ ክፍል መስመር በጎረቤት ክፍል በኩል ሊመጣ ይችላል። የሚያጠፋውን ብሬከር በትክክል ካላወቃችሁ ዋናውን አውርዱ፣ ለጎረቤትም ንገሩ። "ምጣድ ጥጃለሁ" የሚል ካለ ጠብቁት። እንጀራው ይውጣ፣ ምንም አይደለም።

ከዚያ በቴስተር ፈትሹ። አፈታተሹም ሥርዓት አለው። ቴስተሩን መጀመሪያ ኤሌክትሪክ እንዳለው በምታውቁት ሶኬት ላይ ሞክሩ፤ ይብራ። ቀጥሎ ብሬከሩን አውርዳችሁ የምትሠሩበትን ሽቦ ሁሉንም አንድ በአንድ ሞክሩ፤ አይብራ። በመጨረሻ ሌላ ኤሌክትሪክ ያለው ቦታ ላይ መልሳችሁ ሞክሩ፤ ይብራ። ይህን ካላደረጋችሁ ቴስተሩ ራሱ ተበላሽቶ እንደሆነ በምን ታውቃላችሁ? የእኛ ቤት መስመር 220 ቮልት ነው፤ ለሰው ልጅ ከበቂ በላይ ነው።

ቆጣሪውንና ወደ ቆጣሪው የሚገባውን መስመር አትንኩ። ያ የመብራት ኃይል ነው፣ ማኅተሙም አይከፈትም። የእናንተ ሥራ ከቆጣሪው ወዲህ ያለው ነው። ሽቦ ማገናኘቱን ካልለመዳችሁት ደግሞ እንጨቱንና ጣውላውን ራሳችሁ ሥሩ፣ ሽቦውን ለኤሌክትሪክ ሠራተኛ ተዉለት። እውነቱን ለመናገር ብዙ ኤሌክትሪሺያን እንጨት የመፈለግ ትዕግሥት የለውም። ጣውላው ተሰርቶ ከጠበቀው ይደሰታል።

እንጨቱን ፍለጋ

እዚህ ላይ ጊዜ ውሰዱ። ግማሽ ሰዓት ብታጠፉበት አይቆጭም።

በማንኳኳት ጀምሩ። በጣት አጥንት ወይም በካቻቢቴ እጀታ ከግራ ወደ ቀኝ በአንድ መስመር መታ መታ እያደረጋችሁ ሂዱ። ጭቃ ብቻ ያለበት ደንቆሮ ድምፅ ይሰጣል። ቋሚ ያለበት ድምፁ ጠጠር፣ ከፍ ይላል፤ እጃችሁም ላይ ይሰማችኋል። መጀመሪያ ላይ ሁሉም አንድ ይመስላል። ጆሯችሁን ለማስለመድ በሩ ጥግ ጀምሩ፤ የበር ጉበን የታሰረበት ቋሚ እዚያ መኖሩ የተረጋገጠ ነው። የመስኮቱ ግራና ቀኝም እንደዚያው።

ሁለተኛው ዘዴ የእጅ ባትሪ ነው። ማታ መብራቱን አጥፉና ባትሪውን ግድግዳው ላይ በጎን አስጠግታችሁ አብሩ። ቀን የማይታይ እብጠትና ስንጥቅ ሁሉ በጥላ ይወጣል። ቀጥ ብሎ ከላይ ወደ ታች የወረደ ቀጭን ስንጥቅ ብዙ ጊዜ ቋሚውን ተከትሎ ነው። በአግድም የተዘረጉ፣ እኩል የሚራራቁ እብጠቶች ደግሞ ማገሮች ናቸው። እኔ የሆጤውን ቤት በዚህ መንገድ ሳየው የከብት ጎድን ይመስል ነበር።

ሦስተኛው ማግኔት ነው። ከተበላሸ ሬዲዮ ስፒከር የወጣ ማግኔት በቂ ነው። በስስ ጨርቅ ጠቅልሉትና ግድግዳው ላይ ቀስ ብላችሁ ጎትቱት። ማገሩ ከቋሚው ጋር በሚስማር የተመታበት ቦታ ላይ ማግኔቱ ሳብ ይላል። ልስኑ ወፍራም ከሆነ ላይሠራ ይችላል። በልጥ የታሰረ ከሆነም አይሠራም። የሲሚንቶ ልስኑ በሽቦ ወንፊት ላይ የተለሰነ ከሆነ ደግሞ በየቦታው ይስባል፣ ያሳብዳችኋል።

በእነዚህ የጠረጠራችሁትን ቦታ በጠመኔ ምልክት አድርጉ። ከዚያ አረጋግጡ። አምስት ወይም ስድስት ሳንቲ ሜትር ርዝመት ያለው ቀጭን ሚስማር ውሰዱ፣ ዕቃው ራሱ በሚሸፍነው ቦታ ላይ ቀስ ብላችሁ ምቱት። ጭቃ ከሆነ በሁለት ምት ይሰምጣል። እንጨት ሲነካ ይቆማል፣ መዶሻው ይነጥራል። እዚህ ላይ አንድ ነገር አትርሱ። ሚስማሩ እንጨቱን ሲነካ በጥፍራችሁ ያዙትና ንቀሉት፤ ከጥፍራችሁ እስከ ጫፉ ያለው ርዝመት የጭቃውና የልስኑ ውፍረት ነው። ይህን ቁጥር ጻፉት፣ ብሎን ስትገዙ ትፈልጉታላችሁ።

ሚስማሩ የሚመታበት ቦታ ላይ የተቀበረ ሽቦ እንዳይኖር አስቡ። በሥርዓት የተሠራ ቤት ሽቦው ከማብሪያው ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ይወጣል። በጭቃ ቤት ግን ሽቦ በሰያፍ ተቀብሮ አይቻለሁ፣ ያለ ኮንዲዩት (ሽቦ የሚያልፍበት የፕላስቲክ ቱቦ)። ስለዚህ ብሬከሩ እንደወረደ ይሁን።

እንጨቱን ካገኛችሁት ጤንነቱንም እዩ። በካቻቢቴ ጫፍ ወጋ አድርጉት። ጠንካራ እንጨት አያስገባም። ጫፉ እንደ ቅቤ ከገባ፣ ወይም ሲወጣ ዱቄት ይዞ ከወጣ፣ ምስጥ ወይም ብስባሴ ነው። ከደሴ የሐረጎን ዳገት ወርዳችሁ ኮምቦልቻ ስትደርሱ አየሩ ይሞቃል፣ የምስጡም ወሬ ይበዛል። ደሴ ላይ ደግሞ የክረምቱ ዝናብና ጉም የቋሚውን እግር ያበሰብሳል፤ ከታች የበሰበሰ ቋሚ ከወገብ በላይ ደህና ሊሆን ይችላል፣ ስለዚህ በምትሰሩበት ከፍታ ላይ ፈትሹ።

ጣውላው

ቋሚው በትክክል ሶኬት በምትፈልጉበት ቦታ ላይ አይገኝም። ስለዚህ ጣውላ ያስፈልጋል። ይህ ለእኔ ከሁሉ የተሻለው ዘዴ ነው፣ ከመቅበርም ይበልጣል።

ሁለት ሳንቲ ሜትር ያህል ውፍረት ያለው፣ ከ12 እስከ 15 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው የደረቀ ጣውላ ውሰዱ። ርዝመቱ ከአንዱ ቋሚ እስከ ቀጣዩ ድረስ ይሁንና በየጫፉ ጥቂት ይትረፍ። ቺፕውድ አትጠቀሙ። እርጥበት ሲያገኝ እንደ ዳቦ ያብጣል፣ ብሎኑንም ይተፋል። ኮምፔርሳቶም ቢሆን ቀጭኑ አይሆንም። ጥግ ጥጉን በካርታ ቬትሮ (በአሸዋ ወረቀት) አሽታችሁ ቀለም ወይም ቫርኒሽ ቀቡት፣ ከኋላም ጭምር። ከኋላ ያልተቀባ ጣውላ ከግድግዳው እርጥበት ጠጥቶ ይጣመማል።

አሁን ወደ መብሳት። ድሪሉ ላይ ያለውን የመዶሻ ምልክት ወደ ተራ መብሻ መልሱት። መዶሻው ጭቃውን ያንቀጠቅጠዋል፣ ግማሽ ግድግዳ ይዞ ይወርዳል። ፍጥነቱንም ዝቅ አድርጉ። የምትበሱበት ቦታ ላይ ፕላስተር ለጥፉ፣ ልስኑ እንዳይሰነጠቅ። ጣውላውን በውሃ ልክ አስተካክሉ፣ ብሎኑ የሚያልፍበትን ቀዳዳ ጣውላው ላይ በ5 ሚሊ ሜትር ፑንታ ብሱ። ከዚያ ቋሚው ላይ በ3 ሚሊ ሜትር ፑንታ ብሱ። የደረቀ ባሕር ዛፍ ያለ ቅድመ ቀዳዳ ብሎን ስታስገቡበት ይሰነጠቃል፤ ካልተሰነጠቀም የብሎኑን አንገት ይቆርጠዋል። ብሎኑን ሳሙና ላይ ፈተግ አድርጋችሁ አስገቡት፣ ይንሸራተታል።

ርዝመቱስ? ሒሳቡ ቀላል ነው። የጣውላው ውፍረት፣ የጭቃው ውፍረት፣ ሲደመር ቢያንስ 3 ሳንቲ ሜትር በእንጨቱ ውስጥ። ጣውላው 2፣ ጭቃው 3 ከሆነ ባለ 8 ሳንቲ ሜትር የእንጨት ብሎን ነው የምትገዙት። ውፍረቱ 5 ሚሊ ሜትር ይሁን። እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚሰንፈው። ሶኬቱ ካርቶን ውስጥ የሚገኙት ብሎኖች 3 ወይም 4 ሳንቲ ሜትር ናቸው፤ ልስኑን አልፈው እንጨቱን ሳይነኩ ያልቃሉ። ጣሏቸው፣ ወይም ሶኬቱን ጣውላው ላይ ለማሰር አስቀምጧቸው።

በየቋሚው ሁለት ሁለት ብሎን፣ ከሮንዴላ (ከብሎኑ ራስ ሥር ከሚገባው ቀለበት) ጋር። ስታጠብቁ ጣውላው ግድግዳው ላይ እስኪቀመጥ ብቻ ነው። ከዚያ በላይ ብታጠብቁ ከኋላ ያለውን ምርጊት ትፈጩታላችሁ። ግድግዳው ወጣ ገባ ከሆነ፣ ጭቃ ቤት ደግሞ ሁልጊዜ ወጣ ገባ ነው፣ ክፍተቱ ላይ ቀጭን የእንጨት ሽብልቅ አስገቡ።

ሽቦ ከማስገባታችሁ በፊት ሞክሩት። ጣውላውን በሁለት እጅ ይዛችሁ በሙሉ ኃይላችሁ ሳቡ። አከራዬ ጣውላዬን የፈተኑት ተንጠላጥለውበት ነው ለማለት ትንሽ ቀርቶኝ ነበር። በአንድ እጃቸው ሳቡት፣ በሌላው ከኋላው እያዩ። አቧራ ካልወረደ አልፏል ማለት ነው። የእኔ አልወረደም።

ሶኬቱ ራሱ

ለጭቃ ግድግዳ ላይ ላዩን የሚታሰረውን ሶኬት ምረጡ። የሚቀበረው ያምራል፣ ግን ጭቃው ውስጥ ጉድጓድ መቆፈር ግድ ነው፤ ማገር ትቆርጣላችሁ፣ ምርጊቱ ይላላል። ከኋላው የተዘጋ የፕላስቲክ መያዣ ያለው ይሁን። ይህ ለውበት አይደለም። ግድግዳው ደረቅ እንጨትና ጭድ ነው። ላላ ያለ ሽቦ ይግላል፣ ሲቆይ ይነዳል። ብሎኬት ቤት ውስጥ ሶኬት ቢቀልጥ ግድግዳው ይጠቁራል። ጭቃ ቤት ውስጥ እሳቱ ከምርጊቱ በስተጀርባ ሊጨስ ይችላል፣ ሳይታይ። ስለዚህ ማንኛውም የሽቦ መገጣጠሚያ የተዘጋ ስካቶላ (የሽቦ ሳጥን) ውስጥ፣ በሞርሴቶ (ሽቦን በብሎን በሚያጠብቅ ማገናኛ) የታሰረ ይሁን። ጠምዝዞ በፕላስተር ጠቅልሎ ጭቃ ውስጥ መቅበር በፍጹም አይሆንም።

ሽቦውን በግድግዳው ላይ በፕላስቲክ ካናል ወይም በኮንዲዩት አውርዱት። ካናሉን በሙጫ ብቻ አትለጥፉት፤ የተቀባ ጭቃ ላይ ሙጫ የሚይዘው ቀለሙን ነው፣ ቀለሙ ደግሞ ይላጣል። ማገር በሚገኝበት ቦታ ሁሉ በአጭር ብሎን ያዙት። ማገር በአግድም ስለተመታ ቀጥ ብሎ የሚወርድ ካናል በመንገዱ ብዙ ማገር ያገኛል፣ ይህ የጭቃ ቤት ጥቂት በረከቶች አንዱ ነው።

የሽቦው ውፍረት፦ ለአምፖል ባለ 1.5 ካሬ ሚሊ ሜትር፣ ከባለ 10 አምፔር ብሬከር ጋር። ለሶኬት ባለ 2.5፣ ከባለ 16 አምፔር ጋር። የምድሩ ሽቦ፣ አረንጓዴና ቢጫው፣ ካለ ይታሰር፤ ከሌለ ይዘርጋ። በተለይ ወለሉ መሬት በሆነ ቤት ባዶ እግሩን የቆመ ሰው ለኤሌክትሪክ ጥሩ መንገድ ነው። ኤሌክትሪክ ወደ መሬት ሲያፈስ 30 ሚሊ አምፔር ላይ የሚቆርጠው አርሲዲ የሚባለው ብሬከር ከተገኘ ግዙት። ከሶኬቱ ይበልጥ ይወደዳል፣ ግን ሰው ያድናል።

ምጣድ ሌላ ጉዳይ ነው። የእንጀራ ምጣድ 3.5 ኪሎ ዋት አካባቢ ይስባል። በ220 ቮልት ስታካፍሉት ወደ 16 አምፔር ይመጣል። ይህ ማለት ተራው ሶኬት ሊሸከም የሚችለው ጫፍ ላይ፣ ለሁለት ሰዓት፣ ያለ ዕረፍት ነው። ሶኬቱ ሲግል ፕላስቲኩ ይለሰልሳል፣ ሲለሰልስ ፕለጉ ይላላል፣ ሲላላ ይበልጥ ይግላል። ለምጣድ ከብሬከር ሳጥኑ ለብቻው የወጣ ባለ 4 ካሬ ሚሊ ሜትር ሽቦ ስጡት፣ በራሱ ብሬከር። ጣውላውም ከምጣዱ እንፋሎት ይራቅ።

ከወለል ቢያንስ 40 ሳንቲ ሜትር ከፍ አድርጉ። እርጥበት ከታች ይወጣል፣ ወለል ሲወለወልም ውሃ ይረጫል። ቡና የሚፈላበት ጥግ ከሆነ ደግሞ ከረከቦቱ በላይ አታድርጉት፤ ረከቦቱ አይነሳም፣ ሶኬቱ ነው መነሳት ያለበት። የሚቻል ከሆነ ዝናብ የሚመታውን የውጭ ግድግዳ ትታችሁ የውስጡን ክፍልፋይ ተጠቀሙ። ክረምት ላይ ከጦሳ ተራራ በኩል የሚነዳው ዝናብ ያልተከደነ ጭቃን እንዴት እንደሚያርሰው ነዋሪው ያውቃል።

የግድ መቅበር ካለባችሁ

አንዳንዱ ቤት ቀድሞ የተቀበረ የማብሪያ ሳጥን አለው፣ ላልቷል። ያንን መጠገን ትችላላችሁ። በሹል ቢላ ልስኑን በዙሪያው ቁረጡ፤ ሳትቆርጡ ብትፈነቅሉት እስከ ኮርኒስ ይሰነጠቃል። የላላውን ጭቃ በብሩሽ ጥረጉ። ጉድጓዱ ውስጥ ማገር ወይም ቋሚ ከታየ ሳጥኑን በጎኑ በብሎን እሱ ላይ እሰሩት። ካልታየ በሁለት ማገር መካከል አንድ ቁራጭ ሞራሌ (አራት ማዕዘን ሆኖ የተሰነጠቀ እንጨት) በቁም አስገብታችሁ ጫፍና ጫፉን እሰሩ፣ ሳጥኑን በሞራሌው ላይ።

መሙያው ሲሚንቶ አይሁን። ጭቃ በጭቃ ነው የሚጠገነው። ከተፈረፈረው ጭቃ ላይ አፈሱ፣ ደቆ ያለ ጭድ ጨምሩ፣ ቡኩት። የጉድጓዱን ግድግዳ በውሃ ረጠብ አድርጉት፣ አለዚያ አሮጌው ጭቃ የአዲሱን ውሃ ጠጥቶ ይተፋዋል። በሁለት ዙር ሙሉት፤ የመጀመሪያው ደርቆ ሲሰነጠቅ ሁለተኛው ስንጥቁን ይሞላል። በላዩ ጀሶ። ጀሶን በትንሽ በትንሹ ቡኩት፣ በደቂቃዎች ውስጥ ይደርቅባችኋል። ጭቃው በደንብ ሳይደርቅ ብሬከሩን አታንሱ። በመስከረምና በጥቅምት ፀሐይ ቀናት ይበቁታል። በሐምሌ ግን አትጀምሩት፣ ሳምንትም አይበቃውም።

ከፍ ያለ ክብደት

የብሬከር ሳጥን በሁለት ቋሚ የታሰረ ጣውላ ይበቃዋል። ቋሚዎቹ ደካማ ከሆኑ ግድግዳውን የሚያልፍ ብሎን ተጠቀሙ። በውስጥ አንድ ጣውላ፣ በውጭ አንድ ጣውላ፣ በመካከል ረጅም ብሎን፣ በሁለቱም ጫፍ ሮንዴላና ዳዶ። ግድግዳውን እንደ ሳንዱች ይይዘዋል። የውጩን ቀዳዳ ውሃ እንዳይገባው በስቱኮ ዝጉና ቀለም ቀቡት።

የጣሪያ አምፖል ላይ ብዙ አልናገርም። አቡጀዲ ወይም ማዳበሪያ የተወጠረበት ኮርኒስ ምንም አይሸከምም፣ ከሙቀትም ጋር አይስማማም። አምፖሉ ከሞራሌው ላይ ይንጠልጠል፣ ከጨርቁም ይራቅ። ኮምቦልቻ ላይ የጣሪያ ቬንትሌተር የሚሰቅሉ አሉ። እሱ ይከብዳል፣ ሲዞርም ቀን ከሌት ይንቀጠቀጣል። ስለዚህ ብሎኑ ይላላል። የጣሪያውን ዋና እንጨት በስቶ በሚያልፍ ብሎን፣ በሁለት ዳዶ ይታሰር። በእንጨት ብሎን ብቻ አይሰቀልም።

ከሳምንት በኋላ

ብሬከሩን አንሱ፣ ሶኬቱን ሞክሩ። የመጀመሪያውን ቀን ምድጃውን ግማሽ ሰዓት አብሩበትና የእጃችሁን ጀርባ ሶኬቱ ላይ አድርጉ። ለብ ቢል ምንም አይደለም። እጅ የሚያስነሳ ከሆነ አጥፉ፣ ብሬከሩን አውርዱ፣ የሽቦውን ብሎኖች እንደገና አጥብቁ። ጣውላ ሲደርቅ ጥቂት ይሸበሸባል፣ ስለዚህ ከሳምንት በኋላ አራቱን ትልልቅ ብሎኖች አንድ ሩብ ዙር ጨምሩላቸው። ክረምት ሲወጣም እንዲሁ።

ፕለግ ስትነቅሉ ደግሞ ገመዱን አትሳቡ። አንድ እጅ ሶኬቱን ይዞ፣ ሌላው ፕለጉን። የእኔ ጣውላ አሁን አራተኛ ክረምቱን ጨርሷል፤ እኔ ከቤቱ ወጥቻለሁ። አከራዬ ለአዲሱ ተከራይ የሚሉትን በቀደም ስጠይቃቸው ሰማሁ፦ "ሶኬቱን ተወው፣ እሱ አይነቀልም፤ በሩን ግን አደራ፣ ማጠፊያው ላልቷል።"

ማጠፊያውንም የሚይዘው ያው ቋሚ ነው። ረጅም ብሎን ይዤ ቅዳሜ እሄዳለሁ።